አንድ ቋጠሮ፣ ሁለት ስም

ዛሬ ስለ ቋጠሮ ታሪክ ላውጋችሁ። መጨረሻው ላይ የራሴም ጥፋት አለበት።

በሂሳብ ቋጠሮ የሚባለው ሁለት ጫፎቹ የተገጠሙ ገመድ ነው። መጎተት፣ ማጠማዘዝ ይቻላል፤ መቁረጥ ግን ክልክል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ የማይመሳሰሉ ሁለት ቋጠሮዎች በእርግጥ ይለያያሉ ወይስ አንድ ናቸው?

ነገሩ የጀመረው በጭስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 ፒተር ቴት የተባለ ስኮትላንዳዊ የፊዚክስ ሊቅ የጭስ ቀለበት እየሠራ ለወዳጁ ለዊሊያም ቶምሰን አሳየው። ቶምሰን ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ነው። ቀለበቶቹ ሲጋጩ ይርገበገባሉ እንጂ አይበተኑም። ኬልቪን ይህን አይቶ፣ አተም ማለት ኢተር ውስጥ ያለ ቀለበት ወይም ቋጠሮ ይሆን ብሎ አሰበ። ቴት ደግሞ ገመዱ ስንት ጊዜ በራሱ ላይ እንደሚሻገር እየቆጠረ ቋጠሮዎችን ይመዘግብ ጀመር። የኢተሩ ሀሳብ ኋላ ውድቅ ሆነ። መዝገቡ ግን አልተጣለም።

አሜሪካዊው ቻርልስ ሊትል ሥራውን ቀጠለ። 10 መሻገሪያ ካላቸው ውስጥ አስቸጋሪዎቹን ለመለየት 6 ዓመት ፈጅቶበት፣ በ1899 43 ቋጠሮዎችን አወጣ። እያንዳንዱን መሻገሪያ እንደ አቅጣጫው +1 ወይም -1 ብለን ብንደምር፣ ድምሩ ከተለያየ ቋጠሮዎቹም ይለያያሉ ብሎ ያምን ነበር።

እንዲህ ሆኖ 75 ዓመት አለፈ። በ1974 ኬነዝ ፐርኮ የተባለ የኒውዮርክ ጠበቃ ከዝርዝሩ ውስጥ ሁለቱ አንድ ቋጠሮ መሆናቸውን አሳየ። አዎ፣ ጠበቃ! ድምራቸው ይለያያል፣ ቋጠሮው ግን አንድ ነው። 43 የተባለው 42 ሆነ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት። የዛሬ ጥቂት ዓመት ክፍል ውስጥ ባለ 3 መሻገሪያውን ቋጠሮ ሳልኩና መስታወት ውስጥ ከሚታየው ምስሉ ጋር አንድ እንደማይሆን ነገርኳቸው። ይህ ልክ ነው። ቀጥዬ ባለ 4 መሻገሪያውን ሳልኩና «ይሄም እንደዛው ነው» አልኩ። ከኋላ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ይሄኛው አንድ ይመስለኛል» አለች። እኔም «ተቀመጪ፣ አይሆንም» ብዬ አለፍኩ።

ማታ ቤቴ በጫማ ክር ሞከርኩት። ጎተትኩ፣ ገለበጥኩ፣ አንዱ ሌላውን ሆኖ ቁጭ አለ። ልክ ነበረች። በማግስቱ ግን አፍሬ ምንም ሳልናገር ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ገባሁ።

ሊትል በስህተቱ የሚያርመው ሰው አጠገቡ አላገኘም። እኔ አግኝቼ ነው ያስቀመጥኳት። እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ ልክ ነበርሽ፤ ይቅርታ፣ ዘግይቻለሁ።

ሌሎቻችሁ ክር አምጡና ሞክሩት። ጫፎቹን በፕላስተር አያይዙ፣ መቁረጥ የለም! የቻለ ፎቶውን ኮመንት ላይ ያስቀምጥልኝ።