የመንገደኛ ቀን

ሰው ከሩቅ አገር ደርሶ ሲመለስ፥ የሚቀበሉት ዘመዶቹ አስቀድመው «በደኅና ደረስህን?» ብለው ይጠይቁታል። «ስንት ጊዜ ልመለስ ብለህ አስበህ ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም። ስለዚህ የመንገድ ታሪክ ሲነገር መነሻውና መድረሻው ብቻ ይተርፍና፥ በመካከል ያሉት ቀኖች ከነዳገታቸውና ከነቁልቁለታቸው ይረሳሉ። ይሁን እንጂ መንገደኛውን መንገደኛ ያሰኙት እነዚሁ ቀኖች ናቸው። ወጣት አንባቢዎች ሆይ፥ በዚህች አጭር ጽሑፍ ላሳያችሁ የምፈልገው፥ በባሌ ምድር ረጅሙን መንገድ በእግራቸው ይሄዱ የነበሩ ሰዎች የክፉውንና የደጉን ቀን እንዴት ይችሉት እንደ ነበረ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

አጋርፋ የምትገኘው ከባሌ ተራሮች በስተሰሜን፥ ገብስና ስንዴ በሚበቅልበት ደጋ ላይ ነው። በስተደቡቧ ያሉት ተራሮች ከፍ እያሉ ሄደው በቱሉ ዲምቱ ራስ ላይ 4377 ሜትር ይደርሳሉ። በስተሰሜኗ ደግሞ ምድሩ ተቈርጦ ወደ ዋቤ ሸበሌ ሸለቆ ይወርዳል። ከተራሮቹ የሚፈልቀው የወይብ ወንዝም በዚሁ ደጋ አልፎ ወደ ምሥራቅ ይዞርና፥ ብዙ ርቆ ከሄደ በኋላ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ይገባል። ከአጋርፋ ተነሥቶ በጋሠራ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚሄድ እግረኛ፥ ከደጋው ወደ ወይና ደጋ፥ ከወይና ደጋውም ወደ ቆላ እየወረደ፥ ከጥቂት ቀን ጉዞ በኋላ ድሬ ሼክ ሁሴን ይደርሳል።

ድሬ ሼክ ሁሴን የታላቁ መምህር የሼክ ሁሴን መቃብር የሚገኝበት ቦታ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ሼክ ሁሴን የኖሩት ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ሲሆን፥ በባሌና በአካባቢው እስልምናን ካስተማሩት ሰዎች ዋነኛው ናቸው። ከ1783 እስከ 1794 ሐረርን የገዙት አሚር አብዱ ሸኩርም በመቃብሩ ላይ ሕንፃ እንዳሠሩ ይነገራል። ወደዚህ ቦታ ከባሌ ብቻ ሳይሆን ከአርሲ፥ ከሐረርጌና ከሌላውም አገር ሕዝብ ይጐርፋል። ከሩቅ የሚመጡት ሰዎች በእግር ሲጓዙ ሳምንታት፥ አንዳንዶቹም ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈጅባቸው ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ በመኪና ይሄዳሉ፤ በእግራቸው የሚሄዱም አልጠፉም። እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነውና የሃይማኖቱን ነገር ለባለቤቶቹ ትቼ፥ ስለ መንገዱ ብቻ እናገራለሁ።

የደጋ ሰው ሲነሣ ስንቁ በሶ ወይም በቅቤ የተለወሰ ጩኮ ነው። ማለዳ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ሳለ ይነሣል፤ እጁን ከጋቢው ማውጣት ያስቸግረዋል። ፀሐይ ከፍ ስትል ጋቢው ሸክም ይሆንበታል። ዳገት ሲያጋጥመው ልቡ ይመታል፤ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ያን ጊዜ «ቁልቁለቱ መቼ ይመጣል?» ይላል። ቁልቁለቱም ይመጣል፤ እግሩም እንደ ልብ ይሮጣል። ነገር ግን ተንኰሉ ያለው እዚያ ነው። ሰው ሲወርድ የጭኑ ጡንቻ የሰውነቱን ክብደት ይዞ እየተሳበ ስለሚሠራ፥ ከመውጣት ይልቅ በመውረድ ይጐዳል። ሕመሙ ግን ያን ዕለት አይታወቅም፤ በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ ነው የሚበረታው። እንግዲህ መንገደኛው ደስ ብሎት ለወረደበት ቀን ዋጋውን የሚከፍለው በሌላ ቀን ነው። ዛሬ ለምን እግሬን አመመኝ ብሎ የዛሬውን ሜዳ ቢረግም፥ ያለ በደሉ ረገመው ማለት ነው።

ይህን ነገር በሌላ አገር ያሉ ሰዎችም አስተውለውታል። እንግሊዛዊው ጆን ባንያን በ1678 ባሳተመው የአንድ ክርስቲያን መንገደኛ ታሪክ ውስጥ፥ መንገደኛው አስቸጋሪውን ኰረብታ ከወጣ በኋላ፥ ወደ ትሕትና ሸለቆ ሲወርድ እግሩ እንደሚያዳልጠው ጽፏል። ባንያን ይህን የጻፈው ስለ ነፍስ ነው፤ ነገር ግን ቁልቁለት የሚያውቅ እግር እንደ ነበረው ያስታውቃል።

ከዚህም ሌላ አንድ ነገር ልብ በሉ። ታላቁ የጉዞ ጊዜ የሚውለው በአረፋ ሲሆን፥ አረፋም የሚቈጠረው በጨረቃ ነው። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ገደማ ስለ ሆነ፥ በዓሉ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል። በ2010 በኅዳር ነበረ፤ በ2016 በመስከረም መጀመሪያ ሆነ፤ በ2024 ደግሞ በሰኔ ዋለ። ዓመቱን ሙሉ ዞሮ ወደ ነበረበት ወቅት የሚመለሰው በ33 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ አባት በጎልማሳነቱ በደረቅ መንገድ ሄዶ ወንዙን በድንጋይ ላይ እየረገጠ ተሻግሮ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ግን በዚያው መንገድ ሲሄድ ጭቃና ሙላት ይቀበለዋል። አባትየው «ይህ መንገድ ቀላል ነው» ቢል አልዋሸም፤ ልጁም «ይህ መንገድ ከባድ ነው» ቢል ሰነፍ አይደለም። መንገዱ አንድ ሲሆን ዘመኑ ሁለት ሆኖባቸዋል። ሽማግሌዎች ወጣቶችን ስንገሥጽ፥ ወጣቶችም በሽማግሌዎች ስትፈርዱ፥ ይህን ብናስብ መልካም ነው።

ታዲያ መንገደኛው በክፉው ቀን ምን ይዞት ይቆም ነበር? በእጁ ጫፏ ባላ የሆነች በትር ነበረች። በትሪቱ የሼክ ሁሴን መንገደኛ ምልክት ስለ ሆነች፥ ሕዝቡ ከሩቅ አይቶ ያውቃታል፤ ያዡንም እንደ እንግዳ ይቀበለዋል። ሲመሽ መንገደኞቹ ከሰው ደጅ ይቆማሉ። በሰሜኑ አገር «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ማደሪያ እንደሚለምነው ሰው ማለት ነው። ቤተሰቡም ያለውን ያቀርባል፤ የእንግዳው ስንቅ ቢያልቅ ከገብሱ ይሰፍርለታል። ማታም መንገደኞቹ ባህሮ የተባለውን ዝማሬ ያወጣሉ፤ አንዱ ሲያወጣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ የቤቱም ሰው አብሮ ይቀበላል። ቀን በድካም ተለያይተው የሄዱት፥ ማታ በአንድ ድምፅ ይገናኛሉ።

እዚህ ላይ ስለ አስተናጋጆቹ ማሰብ ይገባናል። እንግዳ የተቀበለችው እመቤት ያን ዕለት እህል አላት፤ እሳት አላት፤ ጣራ አላት። ለእርስዋ የደኅና ቀን ነው፤ ለመንገደኛው ደግሞ የክፉ ቀን ነው። ሁለቱ ቀኖች በአንድ ምድጃ ዙሪያ ሲገናኙ፥ የመንገደኛው ቀን ይቃናል። በሌላ ዓመት እርስዋ ወይም ልጅዋ በትር ይዘው ሲነሡ፥ ሌላ ቤት ይከፈትላቸዋል። ረጅሙ መንገድ ለብዙ መቶ ዓመት የጸናው፥ ከሄዱት ሰዎች ጉልበት ይልቅ በየመንገዱ ዳር በተከፈቱት ደጆች ነው። መኪና ሳያቆም ሲያልፍ ያደክማል የሚባለው መንገድ ያጥራል፤ ነገር ግን እነዚያ ደጆች እንግዳ መቀበልን እንዳይረሱ ያሰጋል።

አሁን ደግሞ በሌላ አኳኋን ስለ መጣ መንገደኛ እንመልከት። በ1894 አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከበርበራ ተነሥቶ፥ ግመሎችና ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አስከትሎ ወደ ባሌ ምድር መጣ። የሶፍ ዑመርንም ዋሻ አይቶ ሌላ ስም አወጣለት፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ ሶፍ ዑመር ይለዋል። ድሬ ሼክ ሁሴን ከደረሰ በኋላ ወደ ምዕራብ ለማለፍ ቢያስብም፥ የዐፄ ምኒልክ ወታደሮች እንዳያልፍ ከለከሉት። ስንት ወር የለፋበት መንገድ ተዘጋበት። እርሱ ግን ተመልሶ በደቡብ በኩል ዞረና፥ በ1895 ዛሬ ቱርካና ከሚባለው ሐይቅ ደረሰ፤ በ1897ም የጉዞውን መጽሐፍ አሳተመ። የተከለከለበትን ቀን የጉዞው ሁሉ ፍርድ አድርጎ ቢቆጥረው ኖሮ፥ መንገዱ እዚያው ባለቀ ነበር።

ስለ አጋርፋው መንገደኛ አንድ ነገር ቀርቶኛል። እርሱ ወደ ድሬ ሲሄድ መንገዱ በጠቅላላው ቁልቁለት ነው፤ ስንቁም ገና አልተነካም፤ በዓሉም ከፊቱ ነው። ሲመለስ ግን በዓሉ አልፏል፤ ስንቁ አልቋል፤ መንገዱም ዳገት ሆኗል። ዘመዶቹ የሚያመሰግኑት ስለ መድረሱ ነው፤ የጽናቱ ፈተና ግን የመመለሻው ዳገት ነበረ። ቤቱ ገብሱ ሊታጨድ፥ ከብቱ ሊጠበቅ ይጠብቀዋልና በመንገድ ሊቀር አይችልም።

በብዙ ዘመን የማስተማር ሥራዬ፥ አእምሯቸው ብሩህ የሆነ ልጆች በአንድ ፈተና ስለ ወደቁ ብቻ ደብተራቸውን ጥለው ሲሄዱ አይቻለሁ። አንዳንዶቹ ከዚያ በኋላ አልተመለሱም። ያ ቀን ምናልባት የቀድሞው ቁልቁለት ሕመም ነበረ፤ ምናልባትም ዘመኑ ክረምት ሆኖባቸው ነበረ። ከሁሉም የሚያሳዝነው ግን፥ ያን ዕለት በአጠገባቸው የተቀመጡት፥ ፈተናውን ያለፉት ጓደኞቻቸው፥ አንዲት ቃል ሳይናገሯቸው መቅረታቸው ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ክፉ ቀን ሲመጣባችሁ፥ በማግሥቱ ማለዳ ሳትነሡ በራሳችሁ ላይ አትፍረዱ። ደግ ቀን ሲመጣላችሁ ደግሞ ዙሪያችሁን ተመልከቱ፤ በዚያችው ሰዓት የመሸበት ሰው በደጃችሁ ቆሞ ይሆናልና፥ ተነሥታችሁ ክፈቱለት።