በሕንድ ፊልም ጠርሙሱ በማን እጅ ነው?

በአገራችን አንድ ሰው «ጴንጤ ሆነ» ሲባል ጎረቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው «እንግዲህ መጠጥ ተወ ማለት ነው?» ብሎ ነው። ድግስ ላይም ሳንጠይቅ ለስላሳ ይቀርብልናል። ብዙዎቻችን እያየናቸው ያደግንባቸውን የሕንድ ፊልሞች ልብ ብለን ብንመለከት ግን ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። አንገቱ ላይ መስቀል ያጠለቀ ሰው ብቅ ካለ፣ ብዙ ጊዜ እጁ ላይ ጠርሙስ አለ። ይህ ከየት መጣ? (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።)

በመጀመሪያ እንዲህ እንበል፤ የሕንድ ሲኒማ ዋነኛው ጠጪ ክርስቲያን አይደለም። ዴቭዳስ ይባላል። የቤንጋሉ ደራሲ ሳራት ቻንድራ ቻቶፓድያይ በ1917 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ያለ የባለርስት ልጅ ነው። አብሮ አደጉን ፓሮን እንዳያገባ ቤተሰቡ ይከለክለዋል፤ እሷ ለሌላ ትዳራለች፤ እሱ መጠጥ ውስጥ ገብቶ በመጨረሻ ደጃፏ ላይ ይሞታል። በሂንዲ ፊልም በ1936 ሳይጋል፣ በ1955 ዲሊፕ ኩማር፣ በ2002 ደግሞ ሻህ ሩክ ካን ዴቭዳስን ሆነው ተጫውተዋል፤ ሕዝቡም በየዘመኑ አልቅሶለታል። የዴቭዳስ ስካር እንደ ነውር አልታየም። የፍቅሩ ጥልቀት መለኪያ ሆኖ ነው የቀረበው፤ አብዝቶ በጠጣ ቁጥር አብዝቶ እንዳፈቀረ ይቆጠርለታል።

ሳይጋል ራሱ በእውነትም ይጠጣ ነበር። የሙዚቃ ደራሲው ናውሻድ ሲተርክ፣ ሳይጋል ሳይጠጣ መዝፈን የሚችል አይመስለውም ነበር ይላል። ናውሻድ አንዱን ዘፈን ጠጥቶም ሳይጠጣም እንዲቀረጽ አደረገውና ሁለቱን አሰማው፤ የተሻለው ሳይጠጣ የዘፈነው ነበር። ጊዜው ግን አልፎ ነበር። ሳይጋል በጥር 1947 በ42 ዓመቱ ሞተ።

ለሳቅ የሚሰክረው ደግሞ ሌላ ነው። በ1950ዎቹ በጣም ተወዳጅ የነበረው አስቂኝ ሰካራም ጆኒ ዎከር የቦምቤይ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ የነበረ ሰው ነው። የውስኪውን ስም ያወጣለት ዳይሬክተሩ ጉሩ ዱት ሲሆን፣ ሰውየው ራሱ በሕይወቱ መጠጥ የማይቀምስ ሙስሊም ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ጋንዲና ተከታዮቹ መጠጥን የነጻነት ትግሉ አካል አድርገው ተዋግተዋል፤ በ1950 የጸናው የሕንድ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 47 መንግሥት መጠጥን ለማስቀረት እንዲጥር ያዛል። የፊልም ኢንዱስትሪው ከተማ ቦምቤይ በ1949 ባወጣችው ሕግ ያለ ፈቃድ መጠጣትን ከለከለች። ክልከላው ሲመጣ በየጓሮው ማውጣት ተጀመረ። በድብቅ ከሚሸጡት መካከል የካቶሊክ ማኅበረሰብ ሴቶች ብዙ ስለነበሩ፣ ቤቶቹ «የአክስት ቤት» እንደማለት በእንግሊዝኛ «አንቲ» እየተባሉ ይጠሩ ጀመር። ከቦምቤይ በስተደቡብ ያለችው ጎዋ ደግሞ እስከ ታኅሣሥ 1961 በፖርቱጋል ሥር ነበረች፤ ከካሹ ፍሬ የሚወጣው ፌኒ የሚባል አረቄ እዚያ እንደ ልብ ይጠጣል። በዚያ ከተማ ለሚኖር ፊልም ሠሪ ክርስቲያንና ጠርሙስ ባንድ ላይ ቢታዩት አይገርምም። ብዙኃኑን ተመልካች ሳያስቀይም ጠጪ ሰው ማሳየት ለፈለገም፣ በ2011 ቆጠራ እንኳ ከመቶ 2.3 ብቻ የሆኑትን ክርስቲያኖች መምረጥ ሳይቀለው አልቀረም እንላለን።

በ1973 ራጅ ካፑር ባወጣው «ቦቢ» የልጅቷ አባት የጎዋ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ይጠጣል። በ1975 «ጁሊ» ውስጥ የባቡር ነጂው አባት ይጠጣል። በጭፈራ ቤት ትዕይንት የምትታወቀው ሄለንም ብዙ ጊዜ የክርስቲያን ስም ይሰጣት ነበር። ከሁሉ የሚታወሰው ግን በ1977 የወጣው የማንሞሃን ዴሳይ «አማር አክባር አንቶኒ» ነው። የተለያዩ ሦስት ወንድማማቾች አንዱ በሂንዱ ፖሊስ፣ አንዱ በሙስሊም ልብስ ሰፊ፣ አንዱ በካቶሊክ ቄስ እጅ ያድጋሉ። ከሦስቱ አረቄ ቤት የተሰጠው በቄሱ እጅ ላደገው ነው! አሚታብ ባቻን የሚጫወተው አንቶኒ ከአረቄው ትርፍ ለእግዚአብሔር ድርሻ ያካፍላል፤ ተደብድቦና ሰክሮ በመጣበት ትዕይንት ደግሞ ቁስሉን ትቶ መስታወት ላይ ያለውን ምስሉን በፕላስተር ያሽጋል። እውነት ለመናገር ትዕይንቱ ያስቃል፤ ፊልሙም ወንድማማችነትን ለመስበክ የተሠራ እንጂ ክርስቲያንን ለመሳደብ አይደለም። ቢሆንም የዴቭዳስ ስካር ኀዘን ሲባል የአንቶኒ ስካር ባህሉ ተባለ። ለአንዱ ምክንያት ይፈለግለታል፤ ሌላው ምክንያት አያስፈልገውም።

የሚያሳዝነው፣ አንቶኒ ጎንሳልቬስ የሚለው ስም የእውነተኛ ሰው ስም ነው። የጎዋ ተወላጅ የቫዮሊን መምህር ነበር፤ የፊልሙን ሙዚቃ ከደረሱት ሁለት ሰዎች አንዱን ፒያሬላልን ያስተማረው እሱ ነው፤ ስሙም ለክብሩ ነው የገባው። የጎዋ ካቶሊኮች ለዚያ ሲኒማ ከሰጡት ሁሉ ትልቁ ሙዚቃው ነው፤ ኦርኬስትራውን የሞሉት እነሱ ነበሩ። በማዕዳቸው ወይን ቢያቀርቡ እኛ ልማዱን ባንጋራም፣ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች የጻፈው ስለ ስካር መሆኑን ማስታወስ ይገባናል።

ስክሪኑ ያልደረሰበት ሌላ የሕንድ ክርስትና ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ አለ። ናጋላንድና ሚዞራም አብዛኛው ሕዝባቸው ክርስቲያን የሆነ፣ ባፕቲስቶችና ፕሬስባይቴሪያኖች የበዙባቸው ክልሎች ናቸው። ናጋላንድ በ1989 መጠጥን ሙሉ በሙሉ የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ ሚዞራም በ1995 ተከተለች። ሁለቱንም የገፋችው ቤተ ክርስቲያን ናት። ሕጉ መጠጡን አጠፋው ማለት አይደለም፤ በድብቅ ይገባል፣ በድብቅ ይሸጣል። ሚዞራም ክልከላውን በ2015 አላልታ በ2019 መልሳዋለች።

በናጋላንድ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተሟገቱት እናቶች ናቸው። የናጋ እናቶች ማኅበር በ1984 ሲመሠረት ልጆቻቸውን መጠጥና ከምያንማር ድንበር የሚገባው ሄሮይን እየወሰደባቸው ነበር። ሕግ እስኪወጣ አልጠበቁም፤ በየሰፈሩ ወጥተው መጠጥ ሻጮችን ተጋፈጡ። በኮሂማ ከተማም ሱሰኞች የሚያገግሙበት ቤት ከፍተው «የገለዓድ ተራራ» አሉት።