እጅሽን ዘርጊ

ልጄ ያን ጊዜ አምስት ዓመቷ ነበር። ሌሊት ከእንቅልፏ ቀስቅሰን፣ ፊቷን በእርጥብ ፎጣ አብሰን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይዘናት ሄድን። የፍተሻውን ሰልፍ እንደ ጨዋታ ቆጥራው ነበርና ከፊቷ ያሉት ሰዎች ሲያደርጉ እንዳየችው ሁሉ ትንሿን ቦርሳዋን ለኤክስሬዩ አስረከበች። በበሩ ስታልፍ ግን ጮኸ። ተመልሳ እንደገና አለፈች፤ እንደገና ጮኸ። ፈታሿ «እጅሽን ዘርጊ» አለቻት። ልጄ እጇን እንደ ክንፍ ዘረጋች። የሴትየዋ መዳፍ ከብብቷ ወደ ወገቧ፣ ከወገቧም ወደ ጭኗ ሲወርድ የልጄ ዐይን ከእኔ ላይ አልተነቀለም።

ፈታሿ ቀጥላ አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ አየች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ አያቷ ያሠራችላት ትንሽ የብር መስቀል ተንጠልጥሎበታል። «ይፈታ» አለች። ባለቤቴ «እህቴ፣ ማተብ እኮ ነው፤ አይፈታም» ብላ መለሰች። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። እኔ ምን አደረግሁ? «ባክሽ ፍቺውና እንለፍ» አልኳት። ባለቤቴ የከረረውን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታችው። ልጄ ባዶ አንገቷን በእጇ ይዛ በበሩ አለፈች። አሁንም ጮኸ። ለካስ ሲጮህ የነበረው ጸጉሯን የያዘው ብረት ኖሯል!

ያቺ ሴት ሥራዋን ነበር የምትሠራውና ቂም የለኝም። ውሎ አድሮ የከነከነኝ የራሴ ነገር ነው። «ማንም ሰው ሰውነትሽን እንዲነካ አትፍቀጂ» እያልኩ ያሳደግሁ አባት፣ በዚያች ደቂቃ ለልጄ የነገርኳት ዝም ብላ እንድትቆም ብቻ ነበር። ለምን እንደምትፈተሽ አልነገርኳትም፤ ፈታሿንም አንዲት ጥያቄ አልጠየቅሁም። ለመሆኑ ሕፃን ልጅ እጁን ዘርግቶ የሚፈተሽበት ሥርዓት ከየት መጣ? ሌሎች ወላጆችስ ምን አሉ? ይህን ለማወቅ የኋላውን ታሪክ ማገላበጥ ያዝኩ።

አውሮፕላን መሳፈር አውቶቡስ ከመሳፈር ብዙም የማይለይበት ዘመን ነበር። መንገደኛው ቲኬቱን አሳይቶ ይገባል፤ ሻንጣውን የሚከፍትበት፣ ኪሱን የሚዳብስበት የለም። ይህን ዘመን ያሳለፈው ጠለፋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1972 ባሉት ዓመታት በአሜሪካ ብቻ ከ130 በላይ አውሮፕላኖች ተጠልፈዋል። ያም ሆኖ አየር መንገዶቹ ደንበኛ እናስቀይማለን ብለው በመስጋት ፍተሻውን ለረጅም ጊዜ ሲሸሹት ቆዩ። በጁላይ 1970 የኒው ኦርሊንስ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኞቹን ሁሉ ለአዲሱ የፀረ ጠለፋ ቁጥጥር በማስገዛት በአሜሪካ የመጀመሪያው ሆነ። የብረት መመርመሪያ መሣሪያም የቁጥጥሩ አንዱ ክፍል ነበር። ይህን ከተማ አንባቢ ያስታውስልኝ፤ ተመልሰን እንመጣበታለን።

ነገሩን የቆረጠው የኖቬምበር 1972 ጠለፋ ነው። ሦስት ሰዎች የሳውዘርን ኤርዌይስን አውሮፕላን ጠልፈው፣ ገንዘብ ካልተሰጠን ኦክ ሪጅ በሚገኘው የኑክሊየር ተቋም ላይ እንከሰክሰዋለን ብለው አስፈራሩ። በማግስቱ ኩባ ላይ ተያዙ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጃንዋሪ 5 ቀን 1973፣ በአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች ሁሉ መንገደኛውና የእጅ ሻንጣው ሳይፈተሽ እንዳይሳፈር ተደነገገ። «ሁሉም» የሚለው ቃል አዛውንቱንም ነፍሰ ጡሯንም ሕፃኑንም ጠቀለለ።

የእኛም ሰማይ በዚያው ወቅት ሰላም አልነበረውም። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ሰባት ወጣቶች ከአዲስ አበባ የተነሣውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ለመጥለፍ ሞከሩ። የታጠቁ ጠባቂዎች ተሳፍረው ስለ ነበር አየር ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ የእጅ ቦምብም ፈነዳ። ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራህቱን ጨምሮ የስድስቱ ሕይወት አለፈ። አውሮፕላኑ ተጎድቶም ቢሆን አዲስ አበባ ተመልሶ አረፈ። የሙከራውን ፖለቲካ ለሌላ ጊዜ እንተወውና፣ ሽጉጥና ቦምብ አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ እንደ ነበር ብቻ ልብ እንበል። ፍተሻ በሩ ላይ ካልተደረገ አየር ላይ በጥይት ይደረጋል ማለት ነው። ስለዚህ ፍተሻ ይቅር የሚል ሐሳብ የለኝም።

የእኔ ጥያቄ እንዴት ይፈተሽ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሁለት ታሪኮች ብዙ አስተምረውኛል። የመጀመሪያው የለንደኑ ነው። ኤፕሪል 17 ቀን 1986 አንዲት ነፍሰ ጡር አየርላንዳዊት በሂትሮ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቴል አቪቭ ለመሳፈር ቀረበች። ቦርሳዋን የሰጣት የፅንሷ አባትና እጮኛዋ ነዛር ሂንዳዊ ነበር። እሱ በኋላ እንደሚከተላት ነግሯታል። የቦርሳው ድብቅ ወለል አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ፈንጂ መያዙን ግን አታውቅም። ቦርሳው የአውሮፕላን ማረፊያውን የተለመደ ፍተሻ አልፎ ነበር። የእስራኤሉ አየር መንገድ የኤል አል ጠባቂዎች ግን ጠየቋት፤ መልሷ አላጠግብ ሲላቸው ቦርሳውን አራግፈው አዩት። ከ370 በላይ ሰዎች ከነሕፃናቱ ተረፉ። ሂንዳዊ 45 ዓመት ተፈረደበት። መሣሪያው ያሳለፈውን ጥያቄ ያዘው።

ሁለተኛው የራሳችን ሐዘን ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የሚበረውን የበረራ ቁጥር 961 አውሮፕላን ሦስት ወጣቶች ጠልፈው ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማያደርስ ቢያስረዳም አልሰሙትም። አውሮፕላኑ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ፤ አውሮፕላኑ ላይ ከነበሩት 175 ሰዎች 125ቱ አለቁ። ጠላፊዎቹ የያዙት መጥረቢያ የአውሮፕላኑ የራሱ የአደጋ ጊዜ መሣሪያ ነበር። ቦምብ ነው ብለው ያስፈራሩበትም የመጠጥ ጠርሙስ ሆኖ ተገኘ። በር ላይ ቢዳብሷቸው ምን ሊገኝባቸው ኖሯል?

ከመስከረም 11ዱ የ2001 ጥቃት ወዲህ የአሜሪካ ፍተሻ ወደ መንግሥት እጅ ገብቶ የትራንስፖርት ጥበቃ አስተዳደር የሚባለው መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሴራ አንድ አንድ ደንብ እየወለደ ሄደ፤ ደንቡም ውሎ አድሮ ሕፃናቱ ዘንድ ደረሰ። ኦገስት 10 ቀን 2006 ብሪታንያ ውስጥ በፈሳሽ ፈንጂ አውሮፕላኖችን የማጋየት ሴራ ተደረሰበት ሲባል፣ እናቶች የልጃቸውን ጡጦ ወተት በፈታሽ ፊት ቀምሰው እንዲያሳዩ ታዘዙ። የወላጅነት ፍቅር በጉንጭ ወተት ተመዘነ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ደግሞ በሎስ አንጀለስ አንዲት አያት የአንድ ወር የልጅ ልጇን በፕላስቲክ ሳህኑ ላይ አስተኝታ ኤክስሬዩ ውስጥ አሳለፈችው። እንግሊዝኛ የማታውቀው ይህች ሴት የታዘዘችውን የፈጸመች መስሏት ነበር። ሕፃኑ ደኅና ሆኖ ተገኘ። እኔ ግን በአያቲቱ መሳቅ አልቻልኩም። የማያውቁትን ትእዛዝ ከልክ በላይ መፈጸም እኛም ዘንድ ያለ ነገር ነው።

በ2009 የገና ዕለት አንድ ወጣት የውስጥ ሱሪው ውስጥ የደበቀውን ፈንጂ ወደ ዲትሮይት በሚበር አውሮፕላን ላይ ሊያፈነዳ ሲሞክር ተያዘ። የዚህ ዕዳ በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ መጣ፤ ገላን ከላይ እስከ ታች የሚዳብስ አዲስ ፍተሻ በአሜሪካ ተጀመረ። ልጆችን ጨዋታ ነው ብሎ ማባበል ይቻላል የሚል ሐሳብ ከኃላፊዎቹ ወገን ሲሰነዘር፣ ሕፃናትን ከጥቃት ለመከላከል የሚሠሩ ባለሙያዎች አጥብቀው ተቃወሙ። ልጅ የሚያባልግ ሰው የሚጠቀምበት ቃል ይኸው «ጨዋታ» የሚለው ነው አሉ።

አሁን ወደ ኒው ኦርሊንስ እንመለስ። የአሜሪካ የመንገደኞች ቁጥጥር በ1970 በተጀመረበት በዚያው አውሮፕላን ማረፊያ፣ በ2011 አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ተዳብሳ ተፈተሸች። ወላጆቿ ፍተሻውን ቀርጸው ነበርና ኤፕሪል ላይ በዩቲዩብ አወጡት። እናትየዋ አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም። ለምን አስፈለገ፣ በመሣሪያው ዳግመኛ ብታልፍስ ብላ ጠየቀች። ልጅቱ በኋላ አለቀሰች። መሥሪያ ቤቱ ፈታሿ ደንቡን አክብራለች አለ። ወላጆቹም ልጃችንን ሰውነቷን እንዳታስነካ እያስተማርን እንዴት ለእነዚህ ሰዎች ብቻ ተፈቅዷል እንበላት ሲሉ ሞገቱ። ከኒው ኦርሊንስ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቄ የተሰማኝ ጭንቀት በሌላ ቋንቋ ተነግሮ አገኘሁት።

ጥያቄው ፍሬ አፈራ። ጉዳዩ እስከ ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ደርሶ፣ በጁን 2011 የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጆን ፒስቶል ፈታሾች ሕፃናትን ከመዳበሳቸው በፊት ሌላውን መንገድ ደጋግመው እንዲሞክሩ መታዘዙን አስታወቀ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ከ12 ዓመት በታች ያሉና 12 የሞላቸው ልጆች ጫማቸውን እንዳያወልቁ ተወሰነ። ለአዋቂውም ጫማ ማውለቅ የቀረው ከብዙ ዓመት በኋላ በጁላይ 2025 ነው። ልጆቹ ቀደሙ፤ ወላጆቻቸው ስለ ጠየቁ።

ፈታሾቹም ቢሆኑ የሚሉት አላቸው። በሜይ 2012 በፕሮቪደንስ አውሮፕላን ማረፊያ የአንድ አራት ዓመት ልጅ የጨርቅ አሻንጉሊቶች በኤክስሬይ ሲታዩ ሆዳቸው ውስጥ የተፈታታ ሽጉጥ ተገኘ። አባትየው አላውቅም አለ። እንግዲህ ልጅ ንጹሕ ቢሆንም አዋቂ ልጅን መደበቂያ ሊያደርገው ይችላል። ይሁንና ልብ በሉ፤ ያንን ሽጉጥ ያገኘው አሻንጉሊቱን ያየው መሣሪያ ነው። የልጁን ገላ መዳበስ አላስፈለገም።

የአሜሪካዎቹን ወላጆች ታሪክ ካነበብኩ በኋላ እኔ ለምን ዝም አልኩ የሚለው ጥያቄ አልለቀቀኝም። መልሱን ያገኘሁት ቤቴ ነው። ከጉዞ ስንመለስ ልጄ አዲስ ጨዋታ ይዛ መጥታለች። እናቴን ሳሎን መካከል አቁማ «እማማ፣ እጅሽን ዘርጊ» ትላታለች። እናቴም «እሺ የኔ እናት» ብላ ትዘረጋለች፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ይንሸራተታል፤ ሁለቱም ይስቃሉ። አንድ ቀን ግን የእናቴ ሳቅ መሐል ላይ ቀረ።

«በስልሳ ዘጠኙ አሰሳ ጊዜ እኔም እንዲህ ቆሜያለሁ» አለች።

በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ አዲስ አበባን ቤት ለቤት አስፈትሿል። መሣሪያና የኢሕአፓ አባላት ነበሩ የሚፈለጉት። እናቴ ያን ጊዜ ኮረዳ ነበረች። እንደነገረችኝ የታጠቁት ሰዎች ቤተ ሰቡን በሙሉ ግቢ ውስጥ አቁመው ፍራሹን ገለበጡ፤ የጤፉን ጆንያ በሳንጃ ወጉ። ታናናሾቿንም ለብቻ ወስደው ማታ ማታ ማን እንደሚመጣ ጠየቋቸው። «አባባ አንዲት ቃል አልተነፈሰም» አለች እናቴ። «ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንተም የለህም።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ለአያቴ ዝምታ ጥበብ ነበር፤ ቤተ ሰቡን አትርፎበታል። እኛ ፍተሻ የሚለውን ቃል ከአውሮፕላን ማረፊያ በፊት በገዛ ደጃፋችንና በየመንገዱ ኬላ ተምረነዋል። ፈታሽ ይጠይቃል እንጂ አይጠየቅም ብለን ነው ያደግነው። እኔም ያንን ዝምታ ሳላውቀው ወርሼ፣ ሕይወት በማያስከፍል ቦታ፣ ለአምስት ዓመት ልጄ አወረስኳት። ብጠይቅ ኖሮ ምን ይመጣብኝ ነበር? ቢበዛ ሰልፉ ጥቂት ያጉረመርም ነበር። ምናልባትም ፈታሿ ቀና ብላ የጸጉሯን ብረት ታይ ነበር፤ ማተቡም ባልተፈታ።

ማተቧን እናቴ እንደገና አስራላታለች። በቅርቡ ሌላ ጉዞ ነበረን። ከቤት ሳንወጣ የጸጉሯን ብረት በክር ማስያዣ ለወጥንላት፤ በሩ ለምን እንደሚጮህና ፈታሾቹ ምን እንደሚፈልጉም ቁጭ ብዬ ነገርኳት። ተራችን ሲደርስ ፈታሹ እጁን ሲያነሣ አይታ ቀና ብላ ተመለከተችኝ።

«አባዬ፣ እጄን ልዘርጋ?»

«ቆይ፤ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅ» አልኳት።