የዊልቸር ጎማ ስንት ንፋስ ይበቃዋል?

እህቴ፣ ጂዳ ውስጥ አሮጊት ወይም ሽማግሌ የምትጠብቂ ከሆነ፣ ለዑምራ ወደ መካ ከመውጣታችሁ በፊት የዊልቸሩን ጎማ እዪ። ሰፋና መርዋ 7 ጊዜ ሲኬድ ብቻ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ነው። ጎማው ከላላ ወገብሽ ያልቃል። ከዚያ የሚብሰው ግን ፍሬኑ ነው፤ የብዙ ዊልቸር ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ተጭኖ ስለሆነ ንፋስ ካነሰ አይይዝም።

ልኩ ጎማው ጎን ላይ በፒኤስአይ ተጽፏል። የኋላ ትልልቆቹ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 75 ናቸው፤ ከተጻፈው በላይ አታስሞዪ። የቤት መኪና ጎማ ከ30 እስከ 35 አካባቢ ስለሆነ በንሸር ቤት «እንደ መኪናው ሙላው» አትበይ፣ ቁጥሩን አሳዪው። መሙያው ኃይለኛ ነውና ትንሽ ትንሽ እያደረገ ይሙላ፤ አለዚያ የውስጡ ጎማ ይፈነዳል።

ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል ይለካ። ፀሐይ ላይ የቆመ ጎማ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያታልላል። ድፍን ጎማ ከሆነ ንፋስ አይፈልግም።

በመጨረሻ ሰው ሳይቀመጥበት ፍሬኑን ይዘሽ ግፊው። ጎማው ከዞረ ማንንም አታስቀምጪበት።