የባቡር ሲሙሌተር አዲስ ዕትም በወጣ ቁጥር መቀየር ይገባል ወይ?



እኛ እንቁጣጣሽ በምንልበት በሴፕቴምበር ወር የኮምፒዩተር ባቡር ነጂዎችም የራሳቸው አዲስ ዓመት አላቸው። ትሬን ሲም ወርልድ የሚባለው ጨዋታ ሦስተኛ ዕትሙ በ2022፣ አራተኛው በ2023፣ አምስተኛው በ2024፣ ስድስተኛው በ2025 የወጡት ሁሉም በዚሁ ወር ነው። በዚህ ሰሞን በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከሚኖሩ ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ ሳይደርሰኝ አይቀርም፤ «አሮጌው አለኝ፤ አዲሱን ልግዛ ወይስ ባለበት ልቆይ?» የሚል ነው። በሙያዬ የመካኒካል መሐንዲስ ነኝ፤ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ከእነዚህ ጨዋታዎች ጋር ብዙ ዓመት አሳልፌአለሁ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ጊዜ አስተካክዬ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። መንዳት ብቻ ለሚፈልግ ሰው አዲሱ ዕትም ይጠቅማል፤ በየዓመቱ ግን አይደለም። የራሱን መስመር በእጁ ለሚሠራ ሰው ግን ዋናው ጥያቄ «አዲሱ ምን ያህል ያምራል?» ሳይሆን «የሠራሁት ነገር አብሮኝ ይሻገራል ወይ?» የሚለው ነው። ምክንያቱን ከዚህ በታች በዝርዝር አቀርባለሁ።

ነገርን ከሥሩ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከመነሻው እንጀምር። ማይክሮሶፍት በ2001 ኩጁ በሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ አሠርቶ ማይክሮሶፍት ትሬን ሲሙሌተርን ለገበያ አቀረበ። በውስጡ ስድስት መስመሮች ነበሩ፤ ሁለቱ ከአሜሪካ፣ ሁለቱ ከጃፓን፣ አንዱ ከእንግሊዝ፣ አንዱ ከኦስትሪያ። ከአፍሪካ አንድም አልነበረም።

ከሁለቱ የአሜሪካ መስመሮች አንዱ ለእኛ ለሚኒሶታ ነዋሪዎች የቅርብ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። በሞንታና ተራሮች የሚያልፈው ማሪያስ ፓስ የግሬት ኖርዘርን ባቡር መንገድ ክፍል ነበር፤ የዚህ መንገድ መሪ ጄምስ ሂል ደግሞ የሴንት ፖል ሰው ነበር። ቤቱ ዛሬም በሰሚት አቬኑ ላይ ቆሞ ይጎበኛል። በ1883 ያሠራው ስቶን አርች የሚባለው የድንጋይ ድልድይ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሚሲሲፒን ተሻግሮ እስካሁን አለ። መንገዱ ሲያትል ድረስ የተከፈተው በ1893 ነው። ዛሬ በሴንት ፖል ዩኒየን ዲፖ በኩል የሚያልፈው የአምትራክ ባቡር ኤምፓየር ቢልደር የሚለውን ስም ያገኘው ከዚሁ ከሂል ቅጽል ስም ሲሆን፣ ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ያንኑ ማሪያስ ፓስ ያቋርጣል።

ጨዋታውን ዕድሜ የሰጡት ግን ስድስቱ መስመሮች አልነበሩም። ከሲዲው ጋር መስመር መሥሪያ መሣሪያ አብሮ መጣ፤ የሎኮሞቲቩ ክብደት፣ ኃይልና ፍሬን የተመዘገቡባቸው ፋይሎችም ማንም ከፍቶ ሊያነባቸውና ሊያርማቸው የሚችል ተራ ጽሑፍ ነበሩ። በዚህም የተነሣ በዓለም ዙሪያ ያሉ ወዳጆች የየአገራቸውን መስመር ሠርተው በነፃ አከፋፈሉ። ማይክሮሶፍት ራሱ ሁለተኛውን ዕትም ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ተወው፤ የመጀመሪያው ሙከራ በ2004፣ ሁለተኛው በ2009 ተሰረዘ።

ከዚያ በኋላ ዛፉ ብዙ ቅርንጫፍ አወጣ። ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው።

1. ትሬን ሲሙሌተር ክላሲክ። ኩጁ በ2007 ሬይል ሲሙሌተር ብሎ ያወጣው ነው። በ2009 ሬይልወርክስ ተባለ፤ ቀጥሎ በየዓመቱ የዓመቱን ቁጥር እየያዘ ትሬን ሲሙሌተር 2012፣ 2013 እየተባለ ሄደ። ዛሬ ባለቤቱ ዳቭቴይል ጌምስ ነው።

2. ትሬን ሲም ወርልድ። የዚሁ የዳቭቴይል ሁለተኛ ልጅ ነው። በ2017 ወጣ፤ የተሠራው አንሪል በሚባለው የጌም ሞተር ላይ ነው።

3. ትሬንዝ። ኦራን የሚባል የአውስትራሊያ ኩባንያ በ2001 የጀመረው ሲሆን በኋላ ኤን ስሪ ቪ ተረከበው። የ2004፣ የ2006፣ የ2012፣ የ2019 እና የ2022 ዕትሞች አሉት።

4. ኦፕን ሬይልስ። በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩትና በነፃ የሚታደል ነው። ዋናው ጥቅሙ ለማይክሮሶፍቱ ጨዋታ የተሠሩትን የድሮ መስመሮች አንብቦ በዘመናዊ ኮምፒዩተር ላይ ማስኬዱ ነው።

የሐዲዱ ስፋት

ዕትም መቀየር ማለት ምን እንደሆነ ለመረዳት ከአገራችን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው 784 ኪሎ ሜትር የባቡር መንገድ የሐዲዱ ስፋት 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር። በ2016 ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ መንገድ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚሠራውም በ25,000 ቮልት ኤሌክትሪክ ነው። አዲሱ በፍጥነትም በጭነትም ከአሮጌው እንደሚበልጥ አያከራክርም። ነገር ግን ከአሮጌው ሎኮሞቲቭ፣ ከፉርጎውም ሆነ ከሊቶሪናው አንዱ እንኳ በአዲሱ ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም። አዲሱ የመንገደኛ ባቡርም ለገሃር አይገባም፤ መነሻው ከመሐል ከተማ ርቆ ፉሪ ለቡ ነው። የ435 ሚሊ ሜትር ልዩነት የመቶ ዓመት ንብረት ከመንገድ አስወጣ።

ሲሙሌተሮችም እንዲሁ የየራሳቸው «የሐዲድ ስፋት» አላቸው። እሱም የፋይሎቻቸው አሠራር ነው። ስፋቱ ካልተቀየረ አዲሱ ዕትም የድሮውን ይቀበላል፤ ከተቀየረ ግን የገዙትም የሠሩትም ወደኋላ ይቀራል። በዚህ መለኪያ ስንመዝናቸው ነገሩ እንዲህ ነው፦

ከሬይልወርክስ እስከ ክላሲክ ስፋቱ በመሠረቱ አንድ ነው። በስቲም በኩል የገዛ ሰው ዋናውን ፕሮግራም በየዓመቱ በነፃ ሲታደስለት ቆይቷል፤ የድሮ መስመሮቹም አብረውት ዘልቀዋል። ስለዚህ በዚህ ቅርንጫፍ ላይ «ልቀይር ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከነጭራሹ አይነሣም።

ከክላሲክ ወደ ትሬን ሲም ወርልድ መሄድ ግን ከአሮጌው ምድር ባቡር ወደ አዲሱ እንደ መሄድ ነው። ስሙ ይመሳሰላል፤ ባለቤቱም አንድ ነው፤ የሚሻገር ነገር ግን የለም። በትሬን ሲም ወርልድ ውስጥ ከሦስተኛው ዕትም ወዲህ ቀደም ሲል የተገዙ መስመሮች ወደሚቀጥለው ዕትም ያልፋሉ። በትሬንዝ የድሮ ሥራዎች ብዙዎቹ ያልፋሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ጥገና ይፈልጋሉ። ከማይክሮሶፍቱ ወደ ኦፕን ሬይልስ የሚሄድ ሰው ግን ዕቃውን ሁሉ ጭኖ ይሻገራል።

የሚታየውና የማይታየው መሻሻል

አዲስ ዕትም ሲተዋወቅ የሚታየው ሥዕሉ ነው፤ ዝናቡ በመስታወቱ ላይ ሲወርድ፣ ሣሩ ሲወዛወዝ፣ ጥላው ሲረዝም። ይህ ውሸት አይደለም፤ ትሬን ሲም ወርልድ ውስጥ ነጂው ተነሥቶ በእግሩ ሄዶ በር ከፍቶ መቀመጫው ላይ ይቀመጣል፤ ብዙዎቹን ማብሪያዎች በየተራ በእጁ ይነካል። ለልጅም ለአዋቂም ደስ ይላል።

ለእኔ ግን ትልቁ ጉዳይ ባቡሩ እንደ ባቡር ይከብዳል ወይ የሚለው ነው። ለምሳሌ በማሪያስ ፓስ ምዕራባዊ ገጽ አቀበቱ ከመቶ 1.8 ነው። 10,000 ቶን የሚመዝን የጭነት ባቡር በዚያ አቀበት ላይ የስበት ኃይል ብቻውን ወደ 1,770 ኪሎ ኒውተን በሚጠጋ ጉልበት ወደኋላ ይጎትተዋል። 190 ቶን የሚመዝን አንድ ሎኮሞቲቭ በደረቅ ሐዲድ ላይ ጎማው ሳይንሸራተት ሊስብ የሚችለው 560 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው። እንግዲህ ቢያንስ አራት ሎኮሞቲቭ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ አራቱም ላይበቁ ይችላሉ። ፍሬኑም እንዲሁ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር በሚረዝም ባቡር ውስጥ የአየር ፍሬን ትእዛዝ ከፊት ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ፉርጎ የሚደርሰው በቧንቧው ውስጥ በአየር ተጉዞ ነው፤ በድምፅ ፍጥነት እንኳ ቢሄድ ስድስት ሴኮንድ ያህል ይፈጃል።

የ2001ዱ ጨዋታ በዚህ በኩል ድኻ ነበር። በነፃ የሚታደለው ኦፕን ሬይልስ ግን የጎማውን መንሸራተትና የአየሩን ጉዞ ከነመዘግየቱ ያሰላል። በሌላ አነጋገር በሥዕል አሮጌ የሚመስለው በፊዚክስ አዲስ ሊሆን ይችላል። በሥዕሉ ብቻ የሚመዝን ሰው ይህን አያየውም።

የእኛው መስመር ጉዳይ

እኔና ሁለት ጓደኞቼ የድሮውን የድሬዳዋ መስመር በኮምፒዩተር እየሠራን ነው። ከድሬዳዋ ተነሥተን ሑርሶን አልፈን ወደ ኤረር እየገፋን ነው፤ እስካሁን 41 ኪሎ ሜትር ዘርግተናል። አንዱ ኪሎ ሜትር በአማካይ ሁለት ምሽት ይወስድብናል። ሥራውን የሚያርሙልን በድሬዳዋ ሸመንደፈር ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ ዛሬ ሴንት ፖል ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው። አባባ እንላቸዋለን። የሠራነውን ስናሳያቸው ስለ ሣሩና ስለ ሰማዩ አንድም ቀን ተናግረው አያውቁም። «ልጄ፣ እዚህ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚያዘው ድልድዩ ሳይታይ ነው፤ ከታየ በኋላማ ምን ዋጋ አለው?» ይሉኛል። እኔም ቁልቁለቱን አስተካክዬ፣ የፉርጎውን ክብደት አርሜ ደግሜ አቀርባለሁ። ልክ ሲሆን ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸው ፊርማ ነው።

ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዱ ሥራውን ወደ ትሬን ሲም ወርልድ እናዙረው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ መናኛ አልነበረም፤ ከአራተኛው ዕትም ወዲህ በኮምፒዩተር ለሚጫወቱ ሰዎች መሥሪያ መሣሪያ ተሰጥቷል። ነገር ግን ስናሰላው የሠራነው 41 ኪሎ ሜትር አይሻገርም፤ ከዜሮ መጀመር ነው። አባባ ደግሞ ሰማንያውን አልፈዋል፤ አብረዋቸው የሠሩት አብዛኞቹ አርፈዋል። ሐዲዱን በሌላ ዓመት መልሰን ልንዘረጋው እንችላለን። እሳቸው የሚያውቁትን ግን ከማን እንጠይቃለን? ስለዚህ በኦፕን ሬይልስ ለመቀጠል ወሰንን። ፋይሎቹ ተራ ጽሑፍ ስለሆኑ ነገ ሌላ ሲሙሌተር ቢመጣ እንኳ ቁልቁለቱና ክብደቱ በቁጥር ተጽፎ ይቆያል።

ባቡር ደግሞ የማይቆም እየመሰለ ይቆማል። እዚሁ እኛ ዘንድ ከሚኒያፖሊስ ወደ ቢግ ሌክ በ2009 መመላለስ የጀመረው ኖርዝስታር በ2026 መጀመሪያ በአውቶቡስ ተተክቷል። በአሥራ ስድስት ዓመት ሲመላለስ የቆየ ባቡር እንዲህ ከሆነ፣ የእኛ አሮጌው መንገድ ትዝታው ከጥቂት ሰዎች ጋር ብቻ ቢቀር አይገርምም።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

1. ለልጁ ወይም ለራሱ ገና የሚጀምር ሰው፣ ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒዩተር ካለው፣ የትሬን ሲም ወርልድን የቅርቡን ዕትም ቢገዛ አይቆጭም።

2. የአምናው ዕትም ያለው ሰው አይቸኩል። ከአዲሱ ጋር የሚመጡትን መስመሮች ስም ይመልከት፤ ከመካከላቸው የሚወደው ከሌለ አንድ ዓመት ቢዘል ምንም አይቀርበትም። የስቲም የበጋና የክረምት ቅናሽም አለ።

3. ብዙ መስመር በክላሲክ የገዛ ሰው አዲሱን ቢገዛም አሮጌውን አያጥፋ። አንድ መስመር ብቻውን ከ20 እስከ 40 ዶላር ሊያስወጣ እንደሚችል ያስታውስ፤ ጠቅላላው ሲደመር ቀላል ገንዘብ አይደለም።

4. ኮምፒዩተሩ ያረጀበት፣ ወይም የድሮው የማይክሮሶፍት ሲዲ ከሣጥን ውስጥ ያለው ሰው ኦፕን ሬይልስን ይሞክር። ገንዘብ አይጠየቅበትም።

5. የራሱን መስመር የሚሠራ ሰው ከመቀየሩ በፊት አንድ ጣቢያና ጥቂት ሐዲድ ብቻ ወስዶ ወደ አዲሱ ማሻገር ይቻል እንደሆነ ይፈትን። ካልተቻለ የጀመረውን ይጨርስ። የሚጠይቃቸው አዛውንት በአጠገቡ ካሉ ደግሞ ዛሬውኑ ይጠይቅ፤ ዕትም በየዓመቱ ይወጣል።

በሚኒያፖሊስም ሆነ በሌላ ከተማ በምድር ባቡር የሠሩ አባት ወይም አጎት ያላችሁ ወገኖች ሁሉ፣ ከአዋሽ እስከ ድሬዳዋ ባለው መንገድ ላይ የሚያስታውሱትን በወረቀት እንኳ ጽፋችሁ እንድታስቀምጡ አደራ እላለሁ።

ቸር ይግጠመን።