ችካል ዋጋ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ካሉት ሱቆች ባንዱ መስታወት ላይ ጫማ ተደርድሯል እንበል። ካርቶን ላይ በማርከር «3,200» ተጽፎ በቀይ ተሰርዟል፤ ከሥሩ «2,400»። ከባቡር የወረደ መንገደኛ ቆም ይላል። ጫማው ስንት ሊያወጣ እንደሚገባው አያውቅም፤ 800 ብር እንደሚተርፈው ግን አስልቶ ጨርሷል። ደረቁን «2,400» ቢባል ኖሮ ዞር ብሎም ላያየው ይችላል።

ሥራውን የሠራው የተሰረዘው ቁጥር ነው። መጀመሪያ ያየነው ቁጥር ግምታችንን ወደ ራሱ ሲስብ የሥነ ልቦና ምሁራን «አንከሪንግ» ይሉታል። ቃል በቃል «መልህቅ» ማለት ይቻላል፤ ግን ስንቶቻችን መልህቅ ሲጣል አይተናል? እኔ «ችካል» ይሻላል ባይ ነኝ። ሜዳ ላይ የታሰረች በቅሎ ገመዱ እስከፈቀደላት ዞራ ትግጣለች፤ የራቀች ሲመስላትም ያው ችካሏ ዙሪያ ናት።

ዳንኤል ካኔማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ 10 ወይም 65 ላይ ብቻ እንዲቆም የተሠራ የዕጣ መንኮራኩር በሰዎች ፊት አሽከረከሩ። ከዚያ «ከተባበሩት መንግሥታት አባላት ስንት በመቶው የአፍሪካ አገሮች ናቸው?» ሲሉ ጠየቁ። 10 የወጣላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25፣ 65 የወጣላቸው 45 ሆነ። መንኮራኩሩ ስለ አፍሪካ ምን ያውቃል?

በገበያችን «ስንት ጠሩብሽ?» የምንለው ይህንኑ ነው። ጥሪ ችካል መትከል ነው፤ በጥሪው ግማሽ የምትጀምር እናትም የራሷን ችካል እየተከለች ነው። የተሰረዘ ዋጋ ግን ክርክር ሳይነሳ ብቻውን ይተከላል። ጄሲ ፔኒ የተባለው የአሜሪካ የሱቆች ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. ኩፖንና ቅናሹን ትቶ ቁርጥ ዋጋ ሲለጥፍ፣ የዓመቱ ሽያጩ በሩብ ገደማ ወረደ።

እኛ ጋ ነገሩን የሚያብሰው የዋጋው አለመርጋት ነው። ሸማች የራሱ ችካል አለው፤ ባለፈው የገዛበት ዋጋ። ብር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ያ ትዝታ ቶሎ ያረጃል፤ ያኔ ሰው ሱቁ የተከለለትን ይዞ ይሄዳል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋ እንዲለጥፍ ያዛል፤ ሐሰተኛ የቅናሽ ወሬንም ይከለክላል። ግን ያ ጫማ በ3,200 ተሸጦ ያውቃል? ካርቶኑ አይናገርም፤ ሦስት በር ዘልቆ ያንኑ ጫማ ስንት እንደሚሉት መጠየቅ ግን ይቻላል።