ስለ ኦና ቤትና ስለ ሾንኬ መንደር

በአገራችን ሰው ለቆት የሄደ ቤት ኦና ይባላል። ኦና ቤት ግን ባለቤት አያጣም፤ ሰው ሲወጣ ጂን ይገባበታል ይባላል። እኛም በከሚሴና በአካባቢዋ ያደግን ተማሪዎች ይህን ወሬ ከእናቶቻችን ጓዳ ሰምተነዋል። ማታ «ቢስሚላሂ» ሳይባል ፍል ውሃ ደጅ አይደፋም፤ አመድ መድፊያ ላይ አይቆምም፤ በጨለማ ስም ሲጠራ ቶሎ «አቤት» አይባልም። የሙት መንፈስ በኦሮምኛ ኤኬራ ስለሚባል፣ የኛ ፍርሃት በሁለት ቋንቋ ነው።

የአካባቢያችንን ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ በደዋ ጨፋ ወረዳ ወደምትገኘው ወደ ሾንኬ ወጣን። ሾንኬ በኮረብታ ራስ ላይ የተሠራች የአርጎባዎች መንደር ስትሆን፣ ዕድሜዋ ከ900 ዓመት ይበልጣል እየተባለ ይነገራል። ቤቶቿ እንደ ጎጆ ሣር አልለበሱም፤ ግድግዳቸው በድንጋይ የተካበ፣ ጣራቸው በእንጨትና በአፈር የተደለደለ ነው። በድንጋይ መገንባት በዚህ አገር የቆየ ሙያ መሆኑን ለመረዳት ወደ ኢፋት መመልከት ይበቃል። የወላስማ ሱልጣኖች እ.ኤ.አ. ከ1285 እስከ 15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በገዙበት አገር የአስበሪ፣ የመሳልና የኖራ ከተሞች ፍርስራሽ ይገኛል፤ የኖራ መስጊድ ግድግዳም እስከ ዘመናችን ቆሞ ደርሷል። ሾንኬ ግን እንደ እነርሱ ሳትፈርስ ቆየች፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ያረፉት ታላቁ ሊቅ ሐጂ ጀውሀር ቢን ሐይደር ያስተማሩት በዚችው ኮረብታ ነው።

ዛሬ ብዙው ሰው ወደ ሜዳው ወርዶ ሰፍሯል። ከኦናዎቹ ወደ አንዱ ስንጠጋ ከመካከላችን አንዱ «ቢስሚላሂ» ሳይል አልገባም አለ፤ ሳቅንበትና እኛም ብለን ገባን። ወዲያው ከላይ አንድ ነገር ቋ አለ!

በኋላ እንደ ተረዳነው የአፈር ጣራ በየዓመቱ ካልተደለደለና ካልተጠገነ የክረምቱ ውሃ ይሰርገዋል፤ አፈሩ ይከብዳል፣ እንጨቱም በስብሶ እየተሰነጠቀ ይጮኻል። ጂን ያልነው የቤቱን የመፍረስ ድምፅ ነው። ጣራው ከወደቀ ግድግዳው ብዙ አይቆይም።

አንድ ሽማግሌ ስለ ጂኑ ብንጠይቃቸው መልስ አልሰጡንም። በዚያ ፈንታ በበትራቸው ከደጅ ወደ ደጅ እያመለከቱ እዚህ እነማን እንደ ኖሩ፣ ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ማን መቼ እንደ ወረደ ይነግሩን ጀመር። የያዝነው ደብተር ቶሎ ሞላ፤ እሳቸው ግን ገና መንደሩን አላጋመሱም ነበር። የቀረውን ሌላ ቀን መጥተን ለመጻፍ ቃል ገባን።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወረድን። ለምን እንደ ቸኮልን ግን እርስ በርሳችን አልተጠያየቅንም።